ከበሩ ጀርባ የተጻፈው

ጥቆማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

በአገራችን እያንዳንዱ አባወራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የአደራ ወር በሚባለው ወር ውስጥ፣ ስለ ጎረቤቱ ልጅ አንድ ጥቆማ ጽፎ ለልጆች አለኝታ ቤት ያስገባል። ግዴታ ነው። ያላስገባ ሰው ለልጅ ደንታ የለውም ይባላል፤ ደንታ የሌለው ሰው ደግሞ የራሱን ልጆች እንዴት እንደያዘ መታየት አለበት ተብሎ መርማሪ ይላክበታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሕፃን በእንጀራ አባቱ እጅ ሲሞት፣ ጩኸቱን መንደሩ ሁሉ እየሰማ ዝም ብሎ ነበር። ሁለተኛ ማንም ዝም እንዳይል ብለው ነው ያወጡት።

ሰው ግን መላ አያጣም። አብዛኛው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል። እኔ "የእገሌ ልጅ አፍንጫውን ሲጎረጉር ታይቷል" እላለሁ፤ እሱም "የምንዳዬ ልጅ ቁርሷን ሳትጨርስ ሮጣ ወጥታለች" ይላል። መርማሪ ይመጣል፣ ያያል፣ ሁለት መስመር ጽፎ ይሄዳል። አለኝታ ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ሺህ ልጅ ከአደጋ ተረፈ ብሎ ያውጃል፤ እኛም አደባባይ ወጥተን እናጨበጭባለን። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረናል፤ አንድም ሰው ተጎድቶ አላየሁም። ወይም ለማየት አልፈለግሁም።

ኮርቻ ሰፊ ነኝ። ዘንድሮ የፈረስ ጉግሱ ስለተቃረበ ሥራ በዝቶብኝ ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ጥቆማዬን ማስታወሴ። በየዓመቱ የምስማማው ጎረቤቴ ደግሞ ሰፈር ቀይሮ ሄዷል። መስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ ማንን ልጻፍ እያልኩ ስቁነጠነጥ፣ የሌላዋ ጎረቤቴ የአንጓች ልጅ ፍንታዬ ከጓሯቸው ከጋኖቹ ዳር ቆማ አየኋት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ክንዶቿ እስከ ክርናቸው ወይን ጠጅ ሆነዋል። እናቷ ፈትል የምትነክር ቀለም ነካሪ ናት፤ ልጅቷ እጇን ጋን ውስጥ መክተት ትወዳለች፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከጋኖቹ አጠገብ፣ የወይዘሮ አንጓች ልጅ ሁለት ክንዶቿ እስከ ክርን ወይን ጠጅ መስለው ታይተዋል።" አንድ ውሸት የለበትም። ቀለም የምትለዋን ቃል ያልጨመርኩት ቅጹ ላይ ቦታ አልቆብኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መርማሪ ይመጣል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል ብዬ ወደ ኮርቻዬ ተመለስኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን አንጓች ራሷ ነግራኛለች።

መርማሪ ጓንጉል የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም፤ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ከደጃፍ ያወልቃል። አንጓች በሩን ገርበብ አድርጋ ስታመነታ ባሏ ደምለው ከኋላዋ፣ "ክፈቺ እንጂ! ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?" ብሎ ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተው። ደምለው ድልድይ ጠባቂ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ሰው ሲያሳልፍ ነው የኖረው።

ጓንጉል የፍንታዬን ክንድ ይዞ በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። ጣቱ ወይን ጠጅ ሆነ።

"ቀለም እኮ ነው፣ ጌታዬ" አለች አንጓች። "እጇን ጋን ውስጥ እየከተተች አስቸግራኝ ነው። በሎሚና በአመድ ውሃ ሲታሽ ይለቃል። ቆይ አሁን ላሳይዎት።"

"እንዳይነኩት!" አለ ጓንጉል። "ወይዘሮ አንጓች፣ ማስረጃ አይታጠብም። መዝጋቢ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ልጅቱን ውሃ እንዳይነካት።"

"መዝጋቢው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ወረፋ አለ። በስምንት ቀን ቢደርስ ነው።"

መዝገቡን አውጥቶም፣ "የክንዱ ጉዳት ወደ መርማሪው ጣት የመተላለፍ ባሕርይ አሳይቷል" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከልጅቷ ጋር ለብቻው መነጋገር እንደሚፈልግ በትሕትና ጠየቀ። አንጓች ባሏን አየችው። ደምለው "ይነጋገሩ፣ ምን ችግር አለው" አለ። ጓዳ ገብተው በሩ ተዘጋ። አንጓች በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆመች፤ ሁሉን ሰምታለች።

"ይህን ማን አደረገብሽ፣ የእኔ ቆንጆ?"

"እማዬ።"

"ሁልጊዜ ታደርገዋለች?"

"ጋኑ ሲሞላ ነዋ።"

"ያምማል?"

"አያምምም። ነገ ደግሞ ቢጫ ነው የምናደርገው።"

ጓንጉል፣ "ልጅቱ ሕመሙን ለምዳዋለች። ነገ በቢጫ እንደሚቀጥል ተነግሯታል" ብሎ ጻፈ። ሲወጣ ጫማውን አጥልቆ ስለ መስተንግዶው አመሰገነ።

ጊዜው የበጋ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ በበጋ ስምንት ቀን ሳትታጠብ ምን እንደምትመስል ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። አንጓች በየማለዳው ውሃውን ታሞቃለች፤ ወዲያው ታስታውስና መልሳ ትደፋዋለች። ፊቷን እንኳ ልጥረግላት ብትል ደምለው "ተይ፣ ትእዛዝ ነው፤ እናባብሰዋለን" ይላታል። አምስተኛው ቀን ላይ ልጆች ከፍንታዬ ጋር መጫወት ተዉ። ሰባተኛው ቀን ላይ ዝንብ አይለቃትም ነበር። እኔ መስኮቴን ዘግቼ በኩራዝ መስፋት ጀመርኩ፣ በጠራራ ፀሐይ።

በስምንተኛው ቀን የመጣው መዝጋቢው አልነበረም። ጓንጉል ከማረፊያው ሁለት ሴቶች አስከትሎ መጣ። ማረፊያ የሚሉት የተወሰዱ ልጆች የሚቆዩበትን ቤት ነው። ደምለው እንደ ልማዱ ከፈተ።

"ልጅቱ ለስምንት ቀን አልታጠበችም" አለ ጓንጉል፣ ከልቡ አዝኖ።

አንጓች ጆሮዋን አላመነችም። "እርስዎ አይደሉም እንዴ ውሃ እንዳይነካት ያሉት?"

"እኔ የማዘው ስለ ማስረጃው ነው። ልጅን መንከባከብ የእናት ድርሻ ነው፣ ወይዘሮ አንጓች። እኔ እንዳይታጠብ ያልኩት ማስረጃው እንጂ ልጅቷ አይደለችም።"

"ማስረጃው እኮ እጇ ላይ ነው ያለው!"

"ይኸው፣ ጮኸችም" ብሎ ጻፈ።

ፍንታዬን ሲወስዷት የጮኸችው ጩኸት መስኮቴን አልፎ ገባ። ወስፌው አውራ ጣቴን ወግቶት ኮርቻው ላይ ደም ሲንጠባጠብ ነው ያየሁት፤ መወጋቴን አላወቅሁም። ያን ሰዓት ወጥቼ፣ "ጥቆማው የእኔ ነው፤ ቀለም መሆኑንም አውቅ ነበር" ብል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ሕጋችን ጥቆማውን የሚያነሳ ሰው የሐሰት ጠቋሚ ነው ይላል፤ የሐሰት ጠቋሚ ልጆች ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ማረፊያ ይሄዳሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ዝም አልኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ አንጓች ገና ሳይከፈት አለኝታ ቤቱ ደጅ ደረሰች። ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ አመላለሷት። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ ቀና ብላ አየቻት።

"ልጄን መቼ ነው የማያት?"

"ምርመራው ሲያልቅ።"

"መቼ ያልቃል?"

"ልጅቷ ስታገግም።"

"ከምኑ?"

"እሱን እኮ ነው የምንመረምረው፣ እህቴ።"

አንጓች እንባዋ ሲመጣ ሰው እንዳያያት ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። በዚህ መሐል ስድስት ሰዓት ሆነ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጡ፤ ዘበኛውም ማንም የቀረ አልመሰለውምና ትልቁን በር ከውጭ ቆልፎት ሄደ። አንጓች ቀና ስትል ብቻዋን ናት። በሩን ልትደበድብ ተነሣች፤ ግን አልደበደበችውም።

ያ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ስለሚውል የውስጥ ፊቱን ባለጉዳይ አይቶት አያውቅም። የሚታየው ሲዘጋ ነው፤ ሲዘጋ ደግሞ ውስጥ ሰው የለም። ሕጉ የወላጆች መብት ወላጅ በሚገባበት በር ላይ ይጻፍ ይላል፤ በየትኛው ፊት አይልም። እነሱም በውስጡ ፊት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት አስጽፈውታል። ፀሐይ ነክቶት ስለማያውቅ ትናንት የተጻፈ ይመስላል አለችኝ።

አንጓች ንባቧ ቀስ ያለ ነው። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ወላጅ የተከሰሰበትን ነገር በጽሑፍ የማየት መብት አለው ይላል። ይህን ማንም አልነገራትም። ቀጥሎ፣ ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በቀር፣ የዳኛ ወረቀት ያልያዘ መርማሪን ወደ ቤቱ ያለማስገባት መብት አለው ይላል። እዚህ ላይ ደምለው በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት ታያትና ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ሦስተኛው ወላጅ ያለመናገር መብት እንዳለው፣ ዝምታውም እንደ ጥፋት እንደማይቆጠርበት ይናገራል፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለው ለካ ሕግ ኖሯል። በሚጠየቅበት ጊዜ የመረጠውን ሰው ከጎኑ ማስቀመጥ ይችላል። ልጁ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ብቻውን እንዳይጠየቅ መቃወም ይችላል። የመጨረሻው ዝቅ ብሎ ከማጠፊያው አጠገብ የተጻፈ ስለነበር ተንበርክካ ነው ያነበበችው፦ "ልጁ የተወሰደበት ወላጅ በሦስት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ይህም የሚሆነው በአፉ ከጠየቀ ብቻ ነው። ሦስቱ ቀን ካለፈ ልጁ እስከ ዓመት በማረፊያ ይቆያል።"

አንድ ቀን አልፏል።

ስድስቱንም በጣቷ እየቆጠረች፣ ስትሳሳት እንደገና ከላይ እየጀመረች በቃሏ ያዘቻቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ቁልፉ ሲዞር በሩ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ጓንጉል ሲገባ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው፣

"በሦስት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ። በአፌ እየጠየቅሁ ነው" አለችው።

ጓንጉል እጁ ላይ ያለውን የጥርስ መፋቂያ ጣለ። "ማን ነገረዎት?"

"በራችሁ።"

ቢሮው ተንጫጫ። ንጹሕ እናት መብት ምን ያደርግላታል ተባለ። በስሟ ሁለተኛ መዝገብ ተከፈተ፤ ርእሱም "ወላጅ መብቷን ስለማወቋ" የሚል ነበር። ቢሆንም መከልከል አልቻሉም፤ ሕጉ እኮ የራሳቸው ነው። የጓንጉልን መዝገብና ከሥሩ የተሰፋውን ጥቆማ አውጥተው ሰጧት፤ የጠቋሚው ስም በጨርቅ ተሸፍኗል። አንጓች ጥቆማውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ መለሰችላቸው።

"ከጎንዎ ማን እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ?" አላት ጓንጉል።

"ጋሽ ምንዳዬ። ኮርቻ ሰፊው።"

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣች።

"ጋሽ ምንዳዬ፣ ከነገ ወዲያ ዳኛ ፊት ስቀርብ ከጎኔ ትቀመጥልኛለህ?"

"እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንጓች? ከቆዳና ከመርፌ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።"

"እንድትናገርልኝ አይደለም። እንድትቀመጥልኝ ነው።"

እምቢ ብል ምን ትላለች? እሺ አልኳት። ልትወጣ ስትል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ቆመች።

"ከዚህ እኮ ጓሮዬ ሁሉ ይታያል።"

"አዎ... ለብርሃኑ ብዬ ነው እዚህ የምቀመጠው።"

"ብርሃኑማ ጥሩ ነው" ብላ ወጣች። አላወቀችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ብታውቅ ከጎኔ ተቀመጥ ትለኝ ነበር?

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። በዓመት አንድ ወላጅ ቢመጣላቸው ነውና ወንበራቸውን ከአቧራ ሲያራግፉላቸው ደረስን። ደምለው ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ ከአንጓች ጎን። ጓንጉል መዝገቡን በዚያ በለሰለሰ ድምፁ አነበበው፤ ስለ ጣቱ፣ ስለ ቢጫው፣ ስለ ዝንቡ። በእንዲያ ዓይነት ድምፅ ሲነበብ እኔ ራሴ እንኳ ሴትየዋን ልጠረጥራት ምንም አልቀረኝም።

"ወይዘሮ አንጓች፣ ልጅዎን ስንት ጊዜ እንዲህ አድርገዋታል?" አለ ሲጨርስ።

አንጓች ዝም አለች። ከጎን ሆኜ አያታለሁ፤ "አንድም ጊዜ" ልትል እየተናነቃት ነው። ያን ብትል "አንድም ጊዜ አላጠበችም" ተብሎ እንደሚጻፍ ገብቷታል። መልሱን ትታ ወደ ዳኛው ዞረች።

"ክቡር ዳኛ፣ ሎሚና የአመድ ውሃ ይዤ መጥቻለሁ። ልጄን እዚሁ ፊትዎ ልጠባት።"

ጓንጉል ብድግ አለ። "ማስረጃ አይታጠብም!"

"ማስረጃው የተጠበቀው ለማን ነው?" አሉ ዳኛው።

"ለእርስዎ ነው እንጂ፣ ክቡር ዳኛ።"

"እንግዲያውስ እኔ ይታጠብ ብያለሁ። ልጅቷን አምጧት።"

ፍንታዬን ይዛት የገባችው የማረፊያው ኃላፊ ወይዘሮ ስንክነሽ ናት። ልጅቷ እናቷን ስታይ ትሮጣለች ብዬ ነበር። አልሮጠችም። መጀመሪያ ቀና ብላ የወይዘሮ ስንክነሽን ፊት አየች፤ ልሂድ ወይ ብላ የምትጠይቅ ይመስል። አንጓች ይህን ስታይ ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን ሰምቼዋለሁ፣ በሌለበት።

ቀኝ ክንዷን አጠበች። ወይን ጠጁ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ክንዷ ነጽቶ ወጣ። ደምለው ከኋላ "ተመስገን!" አለ ጮክ ብሎ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። ግራ ክንዷን ያዘች። አይበሉባዋ ለቀቀ፣ አንጓዋ ለቀቀ። ከክርኗ ዝቅ ብሎ ቀለሙ ሲታጠብ ሥሩ ሌላ ቀለም ነበረ። አረንጓዴና ጥቁር። አራት ጣት ባንድ በኩል፣ አንድ አውራ ጣት በሌላው በኩል። አንጓች እንደገና ሎሚ ጨምቃ አሸችው። ልጅቷ ሽምቅቅ አለች።

"እማዬ፣ እሱ አይለቅም" አለቻት፣ ቀስ ብላ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። "ወይዘሮ ስንክነሽ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ወይዘሮ ስንክነሽ ቆመች። አልደነገጠችም። "ክቡር ዳኛ፣ የተከሰስኩበትን ነገር በጽሑፍ ማየት እፈልጋለሁ። እስከዚያው ያለመናገር መብቴን እጠቀማለሁ፤ ዝምታዬም እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርብኝ። በምጠየቅበት ጊዜ የመረጥኩት ሰው ከጎኔ ይቀመጥ። የዳኛ ወረቀት ያልያዘ ሰውም ማረፊያው ውስጥ አይግባ" አለች። በቃሏ ነው፤ አንዱም አልተዛነፈባትም። ጓንጉል ራሱን እየነቀነቀ ይከተላት ነበር፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው።

"መብትዎ ነው" አሉ ዳኛው። ደግሞም ልክ ናቸው።

ከዚያ ፈረዱ። የቀለሙ ጉዳይ ተዘጋ። ክንዷ ላይ የታየው ግን አዲስ ጉዳይ ስለሆነ ልጅቱ አሁን የአዲሱ ጉዳይ ማስረጃ ናት፤ ማስረጃ ደግሞ የሚቀመጠው በማረፊያው ነው። ምርመራው እስኪያልቅ እዚያው ትቆያለች። እናቲቱ ዛሬውኑ ልውሰዳት ካለች አንድ ወረቀት ትፈርማለች፦ "ልጄን እንደ ነበረች፣ ሙሉ ጤነኛ ሆና ተረክቤአለሁ።" ያን ከፈረመች አዲስ ጉዳይ የሚባል የለም።

"ካልፈረምኩ የት ነው የምታድረው?" አለች አንጓች።

"በማረፊያው።"

"ይህ በደረሰባት ቤት?"

ዳኛው ዓይናቸውን ሰበሩ። "ሌላ ማረፊያ የለንም፣ ልጄ።"

ደምለው ከኋላ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ። "ፈርሚ በናትሽ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።"

አንጓች ወረቀቱን አየችው። ልጅቷን አየቻት። ወይዘሮ ስንክነሽን አየቻት፤ እሷም በትዕግሥት እየጠበቀች ነበር። ብዕሩን አነሳች፤ ስሟ ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላትና በግራ እጇ ደግፋ ጨረሰችው። ከዚያ ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። ከጎን የተቀመጠ ሰው እንደ ምስክር ይፈርማል፦ "ልጅቱ ጤነኛ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ።" እጄ እንደ እሷ አልተንቀጠቀጠም። ፈረምኩ።

ውጭ ስንወጣ ደምለው ፍንታዬን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀደመ። አንጓች ወደ ኋላ ቀረት አለች።

"ጋሽ ምንዳዬ፣ ጥቆማው ሲሰጠኝ ወዲያው ነው ያወቅሁህ። ወደ ጋኖቼ የሚያይ መስኮት አንድ ብቻ ነው።"

"አውቀሽ ነው እንግዲህ ከጎንሽ ያስቀመጥሽኝ?" አልኳት።

"አዎ። የምታዝንልኝ እህት አለችኝ፤ እሷን ማስቀመጥ እችል ነበር። ቁጭ ብለህ እንድታየው ፈልጌ ነው።"

"አንጓች፣ ብናገር ልጆቼን..."

"ልጆችህን ይወስዷቸዋል። አውቃለሁ። የእኔንም ወስደዋታል።" አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ከዛሬ ወዲያ አፌ ተዘግቷል፤ ጤነኛ ናት ብዬ ፈርሜአለሁ። ማረፊያው ውስጥ ግን ገና ሌሎች ልጆች አሉ። ፍንታዬ አሁን ስንወጣ አንዲቷን በስም ነግራኛለች። አንተ መጻፍ ትችላለህ። ውሸት ስትጽፍ አይተንሃል፤ እስቲ ደግሞ እውነት ስትጽፍ እንይህ።"

ነጠላዋን አጣፍታ ባሏንና ልጇን ለመድረስ ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች።

ለመጻፍ አርባ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙ ሰበብ ፍለጋ ነው። ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ፣ በሙሉ ስሜ ፈርሜ በአራት ቅጂ አዘጋጀሁት። ትናንት ለሚስቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነሥታ የልጆቹን ልብስ አጠበች። ስድስቱን መብቶች አስጠናኋት፤ ልጆቹንም አስጠናኋቸው፤ ትንሿ አምስተኛው ላይ ትሳሳታለች።

ዛሬ ጠዋት አንዱን ለዳኛው፣ አንዱን ለአለኝታ ቤቱ ሰጠሁ፤ አንዱን ገበያው መሐል ለጠፍኩት። ይህ ለራሴ ያስቀረሁት ነው፤ እነዚህን የመጨረሻ መስመሮች የምጨምረው ከደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አልፈዋል። ትልቋ ሁልጊዜ እህቷን እጇን ይዛ ከመታጠፊያው ብቅ ትላለች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። መንገዱን እያየሁ ነው።